ስሙ ተመልሷል፤ መኪናውስ?

ከገበያ የወጣ መኪና ይመለሳል ብለው ለዓመታት የሚጠብቁ ሰዎች በየአገሩ አሉ። አሜሪካኖቹ ጠብቀው ያገኙት ነገር፣ የአባታቸው ቮልስ ግቢ ውስጥ ለቆመላቸው የእኛ ቤተሰቦችም ትምህርት አለው።

መኪና ዕቃ ነው። ይገዛል፣ ያረጃል፣ ይሸጣል፣ በመጨረሻም ላሜራው ለብረት ማቅለጫ ይሄዳል። አብዛኛው መኪና ሲሄድ የሚያዝንለት የለም። ጥቂቶቹ ግን እንደ ዘመድ ይናፈቃሉ። ፋብሪካው ማምረት ካቆመ ከ20 እና ከ30 ዓመት በኋላ እንኳ «ሊመለስ ነው አሉ» የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር ጆሯቸውን የሚያቆሙ ወዳጆች አሏቸው።

በአሜሪካ ይህ ናፍቆት ያለው «መስል ካር» በሚባሉት ጉልበተኛ መኪኖች ላይ ነው። በእኛ አገር ደግሞ የመኪና ናፍቆት ከተነሳ ከቮልስ የሚቀድም የለም። ሁለቱ ሲታዩ ምንም አይገናኙም፤ አንዱ ፈርጣማና ጯሂ ነው፣ ሌላው ድንቡሽቡሽ ያለና ጭምት። የሄዱበትና ተመለሱ የተባለበት ታሪክ ግን በጣም ይመሳሰላል።

በሙያዬ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ። በእኛ ሥራ አዲስ ስም ለገበያ ማስተዋወቅ ብዙ ገንዘብ ይበላል። ሰው አስቀድሞ የሚወደውን ስም መልሶ ማምጣት ግን በጣም ይረክሳል፤ ማስታወቂያውን ትዝታ ራሱ ይሠራዋል። ስለዚህ አንድ ኩባንያ የቆየ ስም ሲመልስ መጀመሪያ የምጠይቀው «ከስሙ ጋር ምን መጣ?» የሚለውን ነው። ይህ ጥያቄ መኪና ለሚገዛም፣ ያለውን ሊሸጥ ለሚያስብም ቤተሰብ ይጠቅማል።

ጉልበተኞቹ የአሜሪካ መኪኖች

«መስል ካር» የሚባለው በመካከለኛ መጠን፣ አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሁለት በር መኪና ላይ፣ ለትልልቅ መኪኖች የሚሠራ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ሲጫንበት ነው። እኛ ዘንድ «ቪ ኤይት» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ላንድክሩዘር ነው። እዚያ ግን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህ ሞተር የወጣቶች ሕልም ነበር። ፖንቲያክ ጂቲኦ የ1964 እ.ኤ.አ. ሞዴል ሆኖ ገበያ ገባ። በዚያው ዓመት ኤፕሪል 17 ቀን ፎርድ ማስታንግ በኒውዮርክ የዓለም ትርዒት ላይ ቀረበ። መነሻ ዋጋው 2,368 ዶላር ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ400,000 በላይ ተሸጠ። ከዚያ ዶጅ ቻርጀር፣ ሼቭሮሌ ካማሮ እና ዶጅ ቻሌንጀር ተከታትለው መጡ።

ዘመናቸው ግን አጭር ነበር። የአየር ብክለት ሕጉ ጠበቀ። የኢንሹራንስ ክፍያው ለወጣት ኪስ ከበደ። እ.ኤ.አ. በ1973 መጨረሻ ደግሞ የዐረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ መጣና ቤንዚን የሚጠጣ መኪና ሸክም ሆነ። ቻሌንጀር በ1974 ተቋረጠ፤ ሌሎቹም ወይ ቀሩ፣ ወይ ጉልበታቸው እየቀነሰ ሄደ።

ያው የነዳጅ ችግር እኛም ዘንድ ደርሷል፤ ያስከተለው ግን ከመኪና ገበያ በጣም የበለጠ ነበር። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። የመምህራን አድማ፣ የተማሪዎች ሰልፍ፣ የወታደሩ ቁጣ ተደራረበበት። ከ7 ወር በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን አውርዶ ከቤተ መንግሥታቸው ሲወስዳቸው ያሳፈራቸው ከንጉሣዊ መኪኖቻቸው በአንዱ አልነበረም፤ በቮልስዋገን ነበር። አሜሪካ ውስጥ ጉልበተኞቹን መኪኖች ከጎዳና ያስወጣ የነዳጅ ቀውስ፣ እዚህ ቮልስን በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ አስገባው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጠብቀው ምን አገኙ?

አሜሪካኖቹ ወዳጆች ጠብቀው ካገኙት ውስጥ መራራም ጣፋጭም አለ።

እ.ኤ.አ. በ1978 የቻሌንጀር ስም ተመለሰ። መኪናው ግን ከጃፓን ሚትሱቢሺ የመጣ፣ ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር ያለው አነስተኛ መኪና ነበር። ስሙ ያው ነው፤ ከስሙ ጋር የመጣ ሌላ ነገር አልነበረም። ጂቲኦ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲመለስም ከአውስትራሊያ የመጣ ሆልደን ሞናሮ ላይ ስሙ ተለጥፎ ነበር። ጉልበቱ አልጎደለም፤ መልኩ ግን ማንንም አላስደነገጠም፣ በ2006 ቆመ። ቻርጀር ባለ አራት በር ሆኖ ሲመለስ ደግሞ የድሮዎቹ ወዳጆች ሁለቱን ትርፍ በሮች ይቅር ለማለት ጊዜ ወስዶባቸዋል።

ደስ ያሰኙም አሉ። ካማሮ እ.ኤ.አ. በ2002 ተቋርጦ በ2009 ሲመለስ፣ ቻሌንጀርም በ2008 ሲመለስ፣ መልካቸውም ሞተራቸውም የድሮውን ያስታውሱ ነበር። ገዢ አላጡም። ሁለቱም እስከ 2023 መጨረሻ ቆዩና በአንድ ወር ውስጥ፣ በዲሴምበር፣ ምርታቸው እንደገና ቆመ። በታሪካቸው ያልተቋረጠው ማስታንግ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ቻርጀር በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነበር። ኤሌክትሪክ ሞተር ድምፅ ስለሌለው ኩባንያው የሞተር ጩኸት የሚመስል ድምፅ ሠርቶለታል። ለወዳጆቹ ይህ ትልቅ ክርክር ሆነ። ፍጥነቱ ከድሮው ይበልጣል፤ ግን በእጅ የሚነካ፣ ኮፈኑ ተከፍቶ የሚታይ ሞተር የለም። ብዙ ሳይቆይ ባለ 6 ሲሊንደር የቤንዚን ቻርጀርም ተጨመረ።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር ነው። ሰው የሚናፍቀው ስሙን ወይም የመብራቱን ቅርጽ ብቻ አይደለም። መኪናው በዘመኑ ያስቻለውን ነገር ነው። ለአሜሪካዊው ወጣት ያ ነገር በደመወዙ የሚገዛው ጉልበት ነበር። ለእኛስ?

የእኛው ቮልስ

ቮልስዋገን ማለት በጀርመንኛ የሕዝብ መኪና ማለት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በፈርዲናንድ ፖርሼ የተነደፈ ሲሆን ለሕዝብ በብዛት መሸጥ የጀመረው ከጦርነቱ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1972 የተመረተው ቁጥር 15 ሚሊዮን አልፎ የፎርድን የቆየ ክብረ ወሰን ሰበረ። የመጨረሻው እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከተማ ካለው ፋብሪካ ሲወጣ ጠቅላላ ቁጥሩ 21,529,464 ደርሶ ነበር።

እዚህ አገር ቮልስ የባለሥልጣን መኪና አልነበረም። የመምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊው መኪና ነበር። ጡረታ የወጡ አባቶች ስለ መጀመሪያ መኪናቸው ሲያወሩ ልብ ብለው ያዳምጡ፤ ቮልስ ሳይነሳ አይቀርም። ብዙ ሰው መንዳት የተማረው «ለማጅ» የሚል ጽሑፍ በተለጠፈበት ቮልስ ነው። ከኋላው የሚሰማው ድምፅ ከሩቅ ይለያል፤ ልጆች አባታቸው መምጣቱን በር ሳይንኳኳ የሚያውቁት በዚያ ነበር።

የተወደደበት ምክንያት አሠራሩ ነው። ሞተሩ ከኋላ ነው፣ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው። ራዲያተር የለውም፤ ስለዚህ የሚፈላ፣ የሚያንጠባጥብ፣ የሚሞላ ውኃ የለም። ሞተሩን አውርዶ መልሶ ለመግጠም ትልቅ ጋራዥ አያስፈልግም። ካንዴላ፣ ካርቡሬተር፣ ቺንጋ፣ ፍሪሲዮን፣ ሁሉም በእጅ የሚደረስባቸው ናቸው። መለዋወጫው ሶማሌ ተራ ተፈልጎ ይገኛል፤ ካልተገኘም የእኛ መካኒኮች ያለውን አስተካክለው ይገጥሙታል። ይህ መኪና ከ50 ዓመት በላይ ጎዳና ላይ የቆየው በጀርመን ጥራት ብቻ አይደለም፤ በእነዚህ መካኒኮች እጅም ጭምር ነው።

ሁለት ጊዜ ተመለሰ የተባለው

ቮልስም እንደ ቻሌንጀሩ ተመልሷል። እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ ኒው ቢትል የሚል ስም ይዞ ድንቡሽቡሽ ያለው ቅርጽ እንደገና ታየ። ከመሪው አጠገብ የአበባ ማስቀመጫ እንኳ ነበረው። ከላሜራው ሥር ግን ጎልፍ የሚባለው ሌላው የቮልስዋገን መኪና ነበር። ሞተሩ ከፊት፣ የሚቀዘቅዘውም በውኃ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ሁለተኛው ተከተለ። እሱም ጁላይ 2019 እዚያው ፑዌብላ ላይ ምርቱ ቆመ። መልኩ ተመልሶ ነበር፤ የሕዝብ መኪና የሚያሰኘው ርካሽነትና ቀላልነት ግን አልተመለሰም።

የእኛ አገር ወዳጆች ተስፋ ያደረጉበት ሌላ ጊዜም ነበር። በጥር 2011 ዓ.ም. የጀርመኑ ፕሬዚዳንት አዲስ አበባ በመጡበት ወቅት ቮልስዋገን ከኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ኮሚሽን ጋር የመግባቢያ ስምምነት ፈርሞ ነበር። መኪና መገጣጠምና መለዋወጫ ማምረት ከተነሱት ጉዳዮች ውስጥ ናቸው። በዚያ ሰሞን «ቮልስ አገራችን ሊሠራ ነው» ያላለ አልነበረም።

ቮልስዋገን የሚለው ምልክት በብዛት ወደ አዲስ አበባ ጎዳና የተመለሰው ግን በሌላ በር ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። ከዚያ በፊትም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪኖችን አስወድዶ ነበር። በእነዚህ ዓመታት ነጋዴዎች ከቻይና ያስመጧቸው አይዲ ፎር እና አይዲ ሲክስ የተባሉ የቮልስዋገን የኤሌክትሪክ መኪኖች በቦሌም በሲኤምሲም የተለመዱ ሆኑ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። አይዲ ፎርን ከድሮው ቮልስ ጋር የሚያመሳስል መልክ የለውም። በአብዛኛው የሚገዛው ዓይነት ግን ሞተሩ ከኋላ ነው፣ የሚያሽከረክረውም የኋላ ጎማዎቹን ነው፤ ልክ እንደ ድሮው ቮልስ። መልኩን ይዞ የመጣው አሠራሩን አላመጣም፤ ከአሠራሩ የተወሰነውን ያመጣው መልኩን አልያዘም።

የሕጉ ትርጉም ለወዳጆቹ ግልጽ ነው። የቤንዚን ቮልስ ከውጭ ገዝቶ ማስገባት የማይቻል ከሆነ፣ አገር ውስጥ ያሉት ቮልሶች ቁጥራቸው ሊቀንስ እንጂ ሊጨምር አይችልም። እያንዳንዱ ለብረት የተሸጠ ቮልስ ተተኪ የለውም።

ዳገቱ ሲመሰክር

መልክና ስምን ትተን መኪናን በሥራው እንመዝን ካልን፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ ጥሩ ሚዛን ነው። ርቀቱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። በመካከል ዳባት አለች። ከደባርቅ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው ሊማሊሞን ይወርዳል፤ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ደግሞ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን አቋርጦ ወደ ጃናሞራና ወደ በየዳ ይዘልቃል።

ከፍታ የቤንዚን ሞተርን ይጎዳል። አየሩ ስለሚሳሳ በየ1,000 ሜትሩ የሞተር ጉልበት 10 በመቶ ያህል ይቀንሳል። 34 የፈረስ ጉልበት የነበረው ባለ 1,200 ሲሲ ቮልስ ደባርቅ ሲደርስ የሚቀረው 25 ገደማ ነው። ካርቡሬተሩ ለቆላ የተስተካከለ ከሆነ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበታል፤ ጭስ ያበዛል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። በደባርቅ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ መሆኑን ደግሞ ባቄላ አልበስል ያላቸው እናቶች በተግባር ያውቁታል። ክዳኑ በደንብ የማይዘጋ ራዲያተር ያለው አሮጌ መኪና ዳገቱ ላይ እንፋሎት እያወጣ ሲቆም፣ ቮልስ ዝግ ብሎ በሁለተኛ ማርሽ የሚያልፈው የሚፈላ ውኃ ስለሌለው ነው። ጉልበቱ ትንሽ ነው፤ ትዕግሥቱ ብዙ።

የኤሌክትሪክ መኪናስ? ለዚህ መንገድ ሁለት ትልልቅ ጥቅሞች አሉት። አንደኛ፣ ሞተሩ አየር ስለማያስፈልገው ከፍታ ጉልበቱን አይቀንስበትም፤ ደባርቅም ላይ መተማም ላይ ያው ነው። ሁለተኛ፣ ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ እንደ ዲናሞ ሆኖ ባትሪውን ይሞላል። ሊማሊሞን በፍሬን የሚወርድ መኪና ሸራው ሲሸት የሚሰማው፣ ጉልበቱ ወደ ሙቀት ተለውጦ ሲባክን ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ከዚያ የተወሰነውን መልሶ ያስቀምጣል።

ችግሩ መሙያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ቮልስዋገን ኢክላሲክስ ከተባለ የጀርመን ኩባንያ ጋር ሆኖ የድሮ ቮልስ ወደ ኤሌክትሪክ ቀይሮ ፍራንክፈርት ላይ አሳይቶ ነበር። ባትሪው 36.8 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፣ በአንድ ሙሌት 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል ተብሏል። በቁጥሩ ብናሰላ ከጎንደር ደባርቅ በደንብ ይደርሳል። ደርሶ ያለ ሙሌት ለመመለስ ግን ልክ ጠርዝ ላይ ነው። ብርድ ባትሪን እንደሚያደክም ስንጨምርበት፣ ደባርቅ ላይ አስተማማኝ መሙያ የሌለው ሰው ልቡ ሳይመታ አይመለስም። ከዚያ አልፎ ወደ በየዳ መሄድማ፣ ራስ ዳሸን ወዳለበት አገር፣ ለቮልስም ለአይዲ ፎርም የሚመከር አይደለም፤ እዚያ ዛሬም ሥራውን የሚሠሩት ከፍ ያሉት ላንድክሩዘሮችና አይሱዙዎች ናቸው።

እንግዲህ ዳገቱ የሚመሰክረው ይህን ነው፦ የኤሌክትሪኩ መኪና በሞተር ከድሮው ይሻላል፤ የድሮው ደግሞ በየትም ቦታ ነዳጅም መካኒክም ማግኘቱ ያሸንፋል። ለከተማ ቤተሰብ የቀን ጉዞ የመጀመሪያው ሊበልጥ ይችላል። በጥምቀት ጎንደር፣ ከዚያም ለዘመድ ጥየቃ ደባርቅ ለሚል ቤተሰብ ግን ሁለተኛው ጥቅም ገና አልረከሰም።

ግቢ የቆመው ቮልስ

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። በብዙ ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ሸራ የለበሰ ቮልስ አለ። አባት አርጅተዋል ወይም የሉም። ከልጆቹ አንዱ «ቦታ ይዟል፣ ይሸጥ» ይላል፣ ሌላዋ «የአባዬ መኪና አይሸጥም» ትላለች። ውጭ አገር ያለው ደግሞ «ስመጣ አሠራዋለሁ» እያለ ዓመታት ያልፋሉ። በዚህ መሐል ላሜራው ይዝጋል። ሳይወስኑ መቆየት ራሱ ውሳኔ ነው፤ ከሁሉም የከፋውም እሱ ነው፤ መኪናው ሳይሸጥም ሳይነዳም ያልቃልና።

ልናስቀምጠው ነው ካላችሁ፣ ለትዝታ ሳይሆን ለደኅንነት መጀመር አለባችሁ። ቮልስ የተሠራው ኤርባግ በሌለበት ዘመን ነው። የቤንዚን ታንኩ ከፊት፣ ከተሳፋሪው እግር አጠገብ ነው። የቆዩት ላይ የፍሬኑ መስመር አንድ ብቻ ስለሆነ አንድ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ስለዚህ ልጆች ከመሳፈራቸው በፊት የሚከተሉትን በሚታመን መካኒክ ማስመርመር ግድ ነው።

የነዳጅ ቱቦዎቹ ቀዳሚ ናቸው። ሞተሩ አጠገብ ያለው የጎማ ቱቦ ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ የሚያንጠባጥበው ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ ነው። ብዙ ቮልስ የተቃጠለው በዚህ ነው። የቱቦው ዋጋ ግን ከአንድ ቤተሰብ የምሳ ግብዣ አይበልጥም። ቀጥሎ የፍሬኑ ዘይትና ቱቦዎች ናቸው። ቺንጋው ደግሞ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውንም ዲናሞውንም የሚያዞር ስለሆነ፣ መንገድ ላይ ቀዩ መብራት ከበራ ወዲያው ቆሞ ማየት ያስፈልጋል፤ «ቤት ልድረስ» ማለት ሞተር ያስከፍላል። ለማሞቂያ የሚሆነው አየር የሚመጣው ከጭስ ማውጫው ዙሪያ በመሆኑ፣ የዛገ ከሆነ መርዛማ ጭስ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ በብርድ አገር መስኮት ዘግተው ለሚነዱ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የደኅንነት ቀበቶ ከሌለው ይገጠምለት። ሕፃናትን የዘወትር ትምህርት ቤት ማመላለሻ አታድርጉት፤ የእሑድ መኪና ይሁን።

ወረቀቱም ይስተካከል። ሊብሬው በሟች ስም ከሆነ ውርሱ ሳይዘገይ ይጨረስ፤ ወራሾች በበዙና ዓመታት ባለፉ ቁጥር ፊርማ ማሰባሰቡ ከመኪናው ጥገና ይብሳል። ቦሎው ይታደስ። ወደ ኤሌክትሪክ ልቀይረው የሚል ሰው ካለም፣ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ የሰፈረ ስለሆነ አንድ ብሎን ከመፍታቱ በፊት ከትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ጋር ይነጋገር።

እንሸጠዋለን ካላችሁም ነውር የለበትም። ግን በኪሎ ለብረት አትስጡት። የሚያሠራውና የሚነዳው ወዳጅ አይጠፋም፤ አባታችሁ የያዙትን መሪ ሌላ አባት ቢይዘው የመኪናው ዕድሜ ቀጠለ ማለት ነው።

ለሚመጣው ሁሉ ሦስት ጥያቄ

አንድ ቀን ቮልስዋገን ወይም ሌላ ኩባንያ ያንን ድንቡሽቡሽ መልክ በኤሌክትሪክ ይዞ ይመጣ ይሆናል። ቻሌንጀርም ካማሮም እንደገና ይመለሱ ይሆናል፤ የመኪና ስም ከሞት የሚነሳባቸው ጊዜያት ጥቂት እንዳልሆኑ አይተናል። ያን ጊዜ ማስታወቂያው ልብ የሚነካ እንደሚሆን ከሙያዬ አውቃለሁ። የአያትዎ ዘመን ሙዚቃ ይኖረዋል፣ የፀሐይ መጥለቂያ ይኖረዋል፣ የሚስቁ ልጆች ከኋላ መስኮት ይታያሉ።

ማስታወቂያውን በደስታ ይዩት። ከዚያ ግን ሦስት ነገር ይጠይቁ። በደመወዝ የሚተዳደር ቤተሰብ ቆጥቦ ሊገዛው ይችላል ወይ? ሲበላሽ በሰፈር ያለ መካኒክ ከፍቶ ሊያየው ይችላል ወይ? ዛሬ ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ልጅ አድጎ መሪውን እስኪይዝ ድረስ ይቆያል ወይ?

የድሮው ቮልስ ለሦስቱም «አዎ» ብሎ ነበር። ዛሬ በጎዳናችን ያሉት አዳዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ለመጀመሪያው ጥያቄ ለብዙው ቤተሰብ ገና «አዎ» አላሉም። ሁለተኛው በወጣት መካኒኮቻችን ሥልጠና ላይ የሚወሰን ነው፤ ባትሪና ኮምፒውተር የሚፈታ ባለሙያ ሰፈር ድረስ ከመጣ መልሱ ሊለወጥ ይችላል። የሦስተኛውን ጊዜ ያሳየናል። ሦስቱንም የሚያሟላ መኪና በመጣ ቀን፣ ስሙ ምንም ይሁን መልኩ ምንም፣ የሕዝቡ መኪና ያኔ ተመለሰ እንላለን። እስከዚያው ግን የሸራውን ጫፍ ገልጣችሁ የነዳጅ ቱቦውን እዩት።